ለኤርብራሽ ቀለም ማቅጠን፦ ሬሾውን ትታችሁ ግድግዳውን እዩ

ኤርብራሽ፣ ማለትም ቀለምን በአየር የሚረጭ የእጅ መሣሪያ፣ የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቃት ጥያቄ አንዲት ናት። «ስንት በስንት ላቅጥነው?» መልሱም ሁሌ ቁጥር ነው። አንዱ «አንድ ለአንድ» ይላል። ሌላው «ኧረ አንድ ለሁለት!» ይላል። ሦስተኛው «እኔ ዝም ብዬ በዓይኔ ነው የምለካው» ብሎ ይገላገላል። እኔን ብትጠይቁኝ ልክ የሆነው ሦስተኛው ነው። ጥፋቱ በዓይኑ ምን እንደሚያይ አለመናገሩ ብቻ ነው። እዚህ የማወራው ስለዚያ ነው፦ ቀለሙ በመበጥበጫው ዕቃ ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚወርድ። ቁጥሮቹንም እሰጣችኋለሁ፣ ግን ለመጀመሪያው ሙከራ ብቻ ያዟቸው።

ለመሆኑ ለምን እናቀጥናለን? በጠርሙስ የሚመጣው አብዛኛው አክሪሊክ የተሠራው ለብሩሽ ነው። ብሩሹ ላይ እንዲቆይ፣ አንዴ ሲጎተት ከሥሩ ያለውን እንዲሸፍን ተብሎ ወፍራም ይደረጋል። ኤርብራሽ ሌላ ነገር ነው። ለሞዴል (ለምንገጣጥመው ትንሽ የፕላስቲክ አውሮፕላንና መሰሉ) የምንጠቀምበት ኤርብራሽ የኖዝሉ (ቀለሙ የሚወጣበት ጫፍ) ቀዳዳ ብዙ ጊዜ 0.2፣ 0.3 ወይም 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ላይ መርፌ ገብቶበታል። ቀለሙ የሚወጣው በመርፌውና በቀዳዳው መካከል በምትቀረው ክፍተት ነው። ከኋላ የሚገፋውም ነገር የለም፤ አየሩ በኖዝሉ ጫፍ ላይ በፍጥነት ሲያልፍ እዚያ ያለው ግፊት ይወርድና ቀለሙ ይሳባል። ወፍራም ቀለም በቀላሉ አይሳብም። ሰው ያኔ ምን ያደርጋል? አየር የሚሰጠውን ኮምፕሬሰር ከፍ ያደርጋል። ቀለሙ ይወጣል፣ ግን ሞዴሉ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ግማሹ ይደርቅና እንደ አቧራ ያርፋል። ከዚያ «ይሄ ኤርብራሽ አይረባም» ይባላል። ኤርብራሹ ምንም አላጠፋም።

ቀለሙ ከየትኛው ወገን ነው?

ከሬሾ በፊት ይሄን ካላወቃችሁ የቀረውን ባታነቡትም ይሻላል። ጠርሙሱ ላይ «አክሪሊክ» ስለተባለ ሁሉም አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው ወገን ተሸካሚው፣ ማለትም ቀለሙን የያዘው ፈሳሽ፣ ውሃ የሆነ ነው። ቫሌሆ፣ የኤኬ ሦስተኛው ትውልድ፣ አሞ የሚባሉት የሞዴል ቀለሞች እዚህ ውስጥ ናቸው። ብዙም አይሸቱም። ሁለተኛው ወገን ውሃ ይቀላቀለው እንጂ ተሸካሚው አልኮልና ሌሎች አሟሚዎች ናቸው። ታሚያ፣ ማለትም ኤክስ እና ኤክስ-ኤፍ የሚሉት፣ እንዲሁም የሚስተር ሆቢ አኩዌስ እዚህ ይገባሉ። ክዳናቸውን ስትከፍቱ ሽታው ራሱ ይነግራችኋል። ሦስተኛ ወገንም አለ፣ ላከር የሚባለው፣ እንደ ሚስተር ከለር ያለው። እሱ ከውሃ ጋር ጭራሽ አይተዋወቅም፤ የራሱ ቲነር (ማቅጠኛ) አለው፣ የዛሬ ጉዳያችንም አይደለም።

እኔ ይሄን የተማርኩት በመጥፎ መንገድ ነው። ኤርብራሽ በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት ውሃ ተሸካሚ የሆነ አረንጓዴ ቀለም የኤርብራሹ ቀለም መያዣ ኩባያ ውስጥ ጨመርኩና ቤት የነበረኝን አልኮል አፈሰስኩበት። «ቲነር ቲነር ነው» ብዬ ነበር። በስቴኪኒ ሳማስለው ለአሥር ሰከንድ ያህል ጥሩ ይመስል ነበር። ከዚያ ስቴኪኒው ከበደኝ። ሳወጣው አረንጓዴ ማስቲካ የመሰለ ነገር ተጠምጥሞበት ወጣ። ኩባያው ውስጥ የቀረው ጓጉሎ ግማሹ ወደ ኖዝሉ ወርዷል። ያን ምሽት ሞዴል የሚባል ነገር አልነካሁም፤ ኖዝሉን በመርፌ ጫፍ ስፍቅ አመሸሁ።

ምን ሆኖ ነው? የውሃው ወገን ቀለም ውስጥ ማጣበቂያው በጣም ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች ሆኖ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ነው ያለው። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዳይያያዙ የሚያደርግ ሚዛን አለ። ብዙ አልኮል ሲገባ ሚዛኑ ይፈርሳል፣ ቅንጣቶቹ ይያያዛሉ፣ ማስቲካው ይመጣል። አንዴ ከጓጎለ ደግሞ በምንም አትመልሱትም። ድፉት።

ስለዚህ ለማታውቁት ቀለምና ለማታውቁት ቲነር እንዲህ አድርጉ። የጠርሙስ ክዳን ገልብጡና አንድ ጠብታ ቀለም፣ ሁለት ጠብታ ቲነር ጣሉበት። በስቴኪኒ በጥብጡት። ከዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተዉት፣ ቶሎ አትፍረዱ፣ የእኔም አሥር ሰከንድ ቆንጆ ነበር። ከቆየ በኋላ ስቴኪኒውን ክዳኑ ላይ ጎትቱት። ለስላሳና አንድ ወጥ ከሆነ ተስማምተዋል። ጥቃቅን ፍርፋሪ ወይም ክር የመሰለ ነገር ካያችሁ ተጣልተዋል።

የትኛው ከየትኛው ይስማማል ለሚለው ቀላሉ መልስ የየፋብሪካው ቲነር ለየፋብሪካው ቀለም ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ሌላ ምክር አልሰጥም። ለታሚያ ኤክስ-20ኤ የሚባለው የራሱ ቲነር አለ። ትንሽ ከለመዳችሁ በኋላ ግን ታሚያንም ሆነ አኩዌስን በላከር ቲነር ማቅጠን ሞክሩ። ሚስተር ሌቨሊንግ ቲነር የሚባለው ውስጥ መድረቁን የሚያዘገይ ነገር ስላለበት ቀለሙ ካረፈ በኋላ ራሱን ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል፣ ውጤቱም ለስለስ ይላል። እኔ ታሚያን በሌላ ነገር ማቅጠን ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ጉዳቱ ሽታው ነው፣ እሱም ቀላል አይደለም። ደግሞ በአንድ እጅ አርጥባችሁ ከረጫችሁት ፕላስቲኩን ሊበላው ይችላል። ይሄ ሁሉ ለሁለተኛው ወገን ብቻ ነው። ቫሌሆ ላይ ላከር ቲነር አፍስሳችሁ እኔን እንዳትረግሙኝ።

ስለ ውሃ ትንሽ

«የውሃ ቀለም ከሆነ በውሃ ባቀጥነውስ?» ይቻላል፣ ግን ገደብ አለው። ውሃ ራሱን አጥብቆ የሚይዝ ፈሳሽ ነው። ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ መዘርጋት ሳይሆን መሰብሰብ ነው የሚፈልገው፣ ለዚህ ነው ጠብታ ሆኖ የሚቆመው። በቁጥር ካየነው የውሃ የገጽ ውጥረት በክፍል ሙቀት 72 ሚሊ ኒውተን በሜትር አካባቢ ሲሆን የአይሶፕሮፒል አልኮል 22 አካባቢ ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። በውሃ ብቻ የቀጠነ ቀለም ሞዴሉ ላይ ሲያርፍ ቦታ ቦታ ይሰበሰባል፣ በጠርዞች ይሸሻል፣ ጥግ ላይ ይጠራቀማል።

ይሄን የሚፈታው ፍሎው ኢምፕሩቨር የሚባለው፣ ውጥረቱን የሚቀንስ ፈሳሽ ነው። የፋብሪካ ቲነሮችም አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ነገር አላቸው። ውሃ ከተጠቀማችሁ ለአንድ ኩባያ ሁለት ሦስት ጠብታ ጨምሩበት። ከተቻለ ውሃው ዲስቲልድ ይሁን። ሌላው ችግር ማጣበቂያው ነው። ውሃ በበዛ ቁጥር በአንድ ጠብታ ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ያንሳል። ቀለሙ ደርቆ ሲታይ ደህና ይመስላል፣ እንዳይቀባ የምንሸፍንበትን ማስኪንግ ቴፕ ስትነቅሉ ግን አብሮ ይነሳል። እዚህ ጋ የፋብሪካው ቲነር ገንዘቡን ያወጣል።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አተላ

ብዙ ሰው የማቅጠን ችግር ብሎ የሚያመጣው ነገር የማማሰል ችግር ሆኖ ይገኛል። ቀለም ሲቀመጥ ይዘቅጣል። ከላይ ጠራ ያለ ፈሳሽ፣ ከታች አተላ። ሳታማስሉ ከላይ ቀድታችሁ ካቀጠናችሁት፣ የወሰዳችሁት ማጣበቂያና ተሸካሚ እንጂ ቀለም አይደለም። አምስት እጅ ብትረጩ አይሸፍንም። እናንተም «አበዛሁት መሰለኝ» ብላችሁ በሚቀጥለው ቲነሩን ትቀንሳላችሁ፣ ያኔ ደግሞ ኖዝሉ ይደፈናል።

እንደ ታሚያ በብልቃጥ የሚመጣውን አትነቅንቁት፣ በዱላ አማስሉት፤ ስትነቀንቁት ክዳኑ ውስጥ ይገባና ይደርቃል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያ የደረቀ ቅርፊት ወደ ውስጥ ይወድቃል። ዱላውን እስከ ታች አውርዱና ታችኛውን ጥግ ፋቁት። ስታወጡት ጫፉ ላይ ጭቃ የመሰለ ነገር ካለ ገና ነው። እንደ ቫሌሆ በጠብታ ጠርሙስ የሚመጣው ውስጥ ዱላ ስለማይገባ የማይዝግ ብረት ወይም የመስታወት ኳስ ጨምሩበትና ንቀንቁ፣ ኳሱ ታች ሲመታ እስክትሰሙ ድረስ። መጀመሪያ ድምፅ የለውም፣ ጭቃው ይዞታል። ከቆየ በኋላ ነው ቀጭ ቀጭ የሚለው።

ያረጀ ቀለም ከሆነ አጥልሉት። አሮጌ ስቶኪንግ ቆርጣችሁ መበጥበጫው አፍ ላይ ወጥሩና በላዩ አፍስሱ። የሚቀረውን ስታዩ ያ ሁሉ ኖዝል ውስጥ ሊገባ እንደነበር ታስባላችሁ፣ ትንሽ ያስደነግጣል።

አሁን እንበጥብጥ

ኩባያው ውስጥ አትበጥብጡ። ብዙ ሰው ኖዝሉን በጣቱ ይዞ አየሩን ወደ ኋላ እየለቀቀ ያንቦጫቡጨዋል። ያደርጉታል፣ እኔም ሲቸኩለኝ አደርገዋለሁ። ግን ወፍራም ቀለም መጀመሪያ የሚወርደው ወደ ታች፣ ወደ መርፌው ነው። ላይ ያለው ተበጥብጦ ታች ያለው እንደነበረ ይቀራል። ትንሽ የፕላስቲክ መበጥበጫ ያዙ፣ እዚያ ጨርሱት። ኩባያው ውስጥ መበጥበጥ የግድ ከሆነ ቲነሩ ይቅደም፣ ቀለሙ ይከተል።

ጠብታ ስትቆጥሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቀለም ጠብታና የቲነር ጠብታ እኩል አይደለም። ቅድም ያልኩት ውጥረት እዚህም ይመጣል፤ አልኮል ራሱን አጥብቆ ስለማይዝ ከፒፔቱ (ከጠብታ መጣያው) ጫፍ ቶሎ ይለቃል፣ ጠብታውም ትንሽ ነው። አሥር ጠብታ ቀለምና አሥር ጠብታ አልኮል ያለበት ቲነር «አንድ ለአንድ» አይደለም፣ ቲነሩ አንሷል። አንድ ሰው አንድ ለአንድ በቂ ነው ሲል ሌላው አይበቃም የሚለው ግማሹ ጊዜ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ አንዱ በጠብታ፣ ሌላው በሚሊ ሊትር እየለካ ነው። መስመር ያለው ፒፔት ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይሄን ጣጣ ያስቀራል።

መነሻ ቁጥሮቹ እነሆ። ታሚያና አኩዌስ፣ አንድ ቀለም ለአንድ ቲነር ጀምሩ፣ ለቀጭን ሥራ እስከ አንድ ለሁለት ሂዱ። የቫሌሆ ሞዴል ከለር ለብሩሽ የተሠራ ስለሆነ አንድ ለአንድ ጀምሩና ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ለኤርብራሽ የተሠራው የቫሌሆ ሞዴል ኤር «ዝግጁ ነው» ተብሎ ይሸጣል። በ0.5 ኖዝል ምናልባት። በ0.3 ወይም በ0.2 ግን ለአሥር ጠብታ ቀለም ሁለት ሦስት ጠብታ ቲነር ካልጨመራችሁ ያስቸግራችኋል። የቫሌሆ ፖሊዩሬቴን ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚረጨው) ላይ እጃችሁን ሰብስቡ፣ በጥቂት ጠብታ ይበቃዋል፣ ካበዛችሁበት አይይዝም።

በአንድ መስመር ውስጥም ቀለሞቹ እኩል አይደሉም። ነጭ ዋናው ችግር ነው። የነጩ ዱቄት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከባድ ነው፣ ቶሎ ይዘቅጣል፣ የመርፌው ጫፍ ላይም ይሰበሰባል። ነጭን ከሌላው ይበልጥ አቅጥኑትና በብዙ ስስ እጅ ሥሩት። ቢጫና ቀይ ሽፋናቸው ደካማ ስለሆነ ሰው ወፍራም አድርጎ ሊረጫቸው ይፈተናል። አትፈተኑ፤ ከሥራቸው ነጭ ወይም ሮዝ አድርጉ። ብረት መሳዮቹ ውስጥ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ስላለ ሰፋ ያለ ኖዝል ይወዳሉ፣ በየመሀሉም ካልተማሰሉ ቅንጣቱ ኩባያው ሥር ይቀራል።

ግድግዳው ምን ይላል?

ሁሉም ሰው «እንደ ወተት ይሁን» ይላል። የቱ ወተት? ቅባቱ የወጣለትና ያልወጣለት በጣም ይለያያሉ። ለዚህ ነው ወተቱን ትቼ የመበጥበጫውን ግድግዳ የማየው።

እንዲህ ነው። በስቴኪኒ ወይም በብሩሽ ትንሽ ቀለም ከታች ይዛችሁ የመበጥበጫውን ግድግዳ ወደ ላይ ቀቡና ተዉት። ተመልሶ ሲወርድ እዩ።

ቀለሙ ግድግዳው ላይ እንደተቀባ ከቀረ፣ ወይም እየተጎተተ ወርዶ ከኋላው ድፍን ያለ ቀለም ከተወ፣ ወፍራም ነው። ወዲያው ሸርተት ብሎ ወርዶ ግድግዳውን ንጹህ ካደረገው፣ ወይም በነጠብጣብ በነጠብጣብ ከተበታተነ፣ ቀጥኗል። የምንፈልገው በሁለቱ መካከል ነው። ቀለሙ ሳይቸኩል ይወርዳል፣ ከኋላው ስስ ሽፋን ይተዋል። በሽፋኑ ውስጥ ግድግዳው በደንብ ይታያል፣ ግን ቀለም አለበት፣ እንደ ባለቀለም መነጽር ነው። ሽፋኑም አይበጣጠስም፣ አንድ ወጥ ሆኖ ቀስ እያለ ይሳሳል። እኔ ከላይኛው ጠርዝ ግድግዳው መታየት እስኪጀምር በልቤ እቆጥራለሁ። ሁለት፣ ሦስት፣ እዚያ አካባቢ ሲሆን ወደ ኤርብራሹ ይሄዳል። ወፍራም ከሆነ ሁለት ጠብታ፣ እንደገና ማየት፣ ሁለት ጠብታ። መጨመር ቀላል ነው፣ መልሶ ማውጣት አይቻልም።

ነጭ መበጥበጫ ላይ ነጭ ቀለም ስትበጠብጡ ምንም አይታያችሁም፣ በዚያ ጊዜ ጠቆር ያለ ወይም የሚያሳይ ፕላስቲክ ያዙ። ይሄን ለመገንዘብ ስንት ወር እንደፈጀብኝ አልናገርም።

ቀጥሎ ማንኪያ። የፕላስቲክ ማንኪያ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፣ ጉብታው እንደ አውሮፕላን አፍንጫ ነው፣ ጎድጓዳው ደግሞ ቀለም የሚጠራቀምበትን ቦታ ያሳያል። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆናችሁ አንድ ስስ እጅ ርጩ። ከዚያ ማንኪያውን ወደ መብራት አዘንብሉና የእርጥበቱን ነጸብራቅ እዩ። ያረፈው ቀለም ለአፍታ እርጥብ ሆኖ አብረቅርቆ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከደበዘዘ፣ ትክክል ነው። ከመጀመሪያውኑ ካላብረቀረቀ ደርቆ ነው የደረሰው። ቆሞ እያብረቀረቀ ወደ ታች መሄድ ከጀመረ በዝቷል። የመጀመሪያው እጅ እንዲሸፍን አትጠብቁ። ማንኪያው ከሥር እየታየ ነው መሆን ያለበት፤ ሽፋኑ የሚመጣው በሦስተኛውና በአራተኛው እጅ ነው። በየመሀሉ እርጥበቱ እስኪጠፋ ጠብቁ።

ግፊቱ

ቅጥነትና ግፊት አብረው ነው የሚሄዱት። ለአጠቃላይ ሥራ ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ1 እስከ 1.4 ባር ገደማ ይበቃል። ለቀጭን መስመርና ለካሞፍላጅ ጠርዝ ቀለሙን ይበልጥ አቅጥናችሁ ግፊቱን ወደ 10 ወይም 12 አውርዱ፣ 2 እና 3 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቅረቡ። ቀለሙን አቅጥናችሁ ግፊቱን እንደነበረ ከተዋችሁት አየሩ ገና ያላረፈውን ቀለም እየገፋ ይበትነዋል።

መለኪያውን የምታነቡት ቃታውን ተጭናችሁ ነው። አየሩ ሳይሄድ 20 የሚለው ቃታው ሲጫን ወደ 15 ሊወርድ ይችላል። ሁለት ሰዎች በግፊት ሲከራከሩ ካያችሁ አንዱ ሳይጫን ነው ያነበበው።

ሲበላሽ ምን ይመስላል?

ከመሀል ወደ ዳር የሸረሪት እግር የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ከሮጡ፣ ቀለሙ ቀጥኗል ወይም ግፊቱ በዝቷል ወይም በጣም ቀርባችኋል። መጀመሪያ ግፊቱን ቀንሱ፣ ነጻ መፍትሔ ነው። ካልሆነ ቃታውን ወደ ኋላ የምትስቡበትን መጠን ቀንሱ። ቀለም መጨመር የመጨረሻው ይሁን።

ጣታችሁን ስታሳልፉበት ብርጭቆ ወረቀት ብርጭቆ ወረቀት የሚል ከሆነ ቀለሙ ደርቆ ነው ያረፈው። ወይ ወፍራም ነው፣ ወይ ርቃችኋል፣ ወይ ግፊቱ በዝቷል። የደረሰውን በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ማለስለስ ይቻላል፣ ግን ዝርዝሩን እንዳትበሉት ተጠንቀቁ።

የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ወጣ ገባ ገጽ ሲሆን ደግሞ ቀለሙ እርጥብ ሆኖ አርፏል፣ ግን ለመዘርጋት ወይ ወፍራም ነበር ወይ ጊዜ አላገኘም። ትንሽ ቲነር፣ ወይም ማዘግያ።

ማዘግያው፣ ሪታርደር የሚባለው፣ ዋናው ጥቅሙ ለመርፌው ጫፍ ነው። አክሪሊክ ቶሎ ይደርቃል፣ መርፌው ጫፍ ላይ ደግሞ ያለማቋረጥ አየር ይነፍስበታል። ስለዚህ አምስት ደቂቃ ስትሠሩ ጫፉ ላይ ጉብ ያለች ቀለም ትሠራለች። መጀመሪያ መስመሩ ይሳሳል፣ ከዚያ ይቆማል፣ ቃታውን የበለጠ ስትስቡ ድንገት ተፍ ብሎ ያ ሁሉ ሞዴሉ ላይ ያርፋል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በቲነር አርጥባችሁ በየሁለት ሦስት ደቂቃው ጫፉን ጥረጉ። ለአንድ ኩባያ ከማዘግያው ሁለት ጠብታ ይበቃል። ሙቀትና ደረቅ አየር ባለበት ቀን ሦስት። ካበዛችሁት ቀለሙ ለቀናት እየተጣበቀ ይኖራል፣ የጣታችሁንም አሻራ ያትማል።

ኩባያው ውስጥ አረፋ ከተነሳ ግን ቲነሩን ተዉት። ይሄ የቀለም ችግር አይደለም። ኖዝሉ ላልቷል፣ ተሰንጥቋል ወይም ቆሻሻ ይዟል፣ አየሩም ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። በዚህ ምክንያት ስንት ጥሩ ቀለም ውሃ እስኪሆን ያቀጠነ ሰው አውቃለሁ፤ አንደኛው እኔ ነኝ።

ሞዴሉ ራሱ ንጹህ ካልሆነ ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቅባት ሊኖርበት ስለሚችል በለብታ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ካደረቃችሁት በኋላም በጣታችሁ ብዙ አትንኩት።

ደግሞ ማስክ አድርጉ። «የውሃ ቀለም ነው፣ አይሸትም» አትበሉ፤ የማይሸት ጉም ሳንባ ውስጥ ሲገባ ቀለም መሆኑን አይተውም። አልኮልና ላከር ቲነር ሲሆን የአቧራ ማስክ አይበቃም፣ ለጋዝ የሚሆን ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት የሚባል ነገር አጠገባችሁ አይኑር።

ቀለም ስትቀይሩ ኩባያውን አፍስሱ፣ ጠርጉ፣ በዚያው ወገን ማጽጃ ወይም ቲነር ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ ርጩ። እዚህም ወገን ይከበር፤ የውሃ ቀለም ተርፎ ያለበት ኩባያ ውስጥ አልኮል ካፈሰሳችሁ የእኔን አረንጓዴ ማስቲካ በትንሹ ሠራችሁት ማለት ነው። የውሃውን ወገን መጀመሪያ በውሃ አስወጡ።

የተረፈውን የቀጠነ ቀለም መልሳችሁ ዋናው ጠርሙስ ውስጥ አትጨምሩ። ታሚያ በራሱ ቲነር ከቀጠነ በተዘጋ ብልቃጥ ደህና ይቆያል። በውሃ የቀጠነውን ግን በዚያው ቀን ጨርሱት።

አንድ የመጨረሻ ልማድ። በየጠርሙሱ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉና የሠራላችሁን ሬሾ፣ ግፊትና ኖዝል በእርሳስ ጻፉበት። በእስክሪፕቶ አትጻፉ። እኔ አጠገቤ ያለው ግራጫ ታሚያ ላይ መጀመሪያ «1 ለ 1» ተጽፎ ተሰርዟል። ሥሩ «1 ለ 1.5» አለ፣ እሱም ተሰርዟል። አሁን «1 ለ 2» ይላል። ቀለሙ ያው ነው፣ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ከውስጡ ትንሽ ትንሽ እየተነነ ወፍሯል እንጂ። ጠርሙሱ ገና ግማሽ ነው።